እጁን የሰጠ ሰው

«በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይባላል። ከጉና ግርጌ ያደግን ሁሉ ይህንን እየሰማን ነው የኖርነው። ርብና ጉማራ ሲቆሙ ያየ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ቢሆንም አባባሉ አንድ ትልቅ ነገር ይዟል። ሰውን ለመያዝ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ቃል ነው ይላል፤ ጡንቻ ነው አይልም። የሚጣራው ሰው ዱላ ላይኖረው ይችላል፤ አቅመ ደካማ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ሊሆን ይችላል። ቃሉ ከተጠራ በኋላ አልቆምም ብሎ ያለፈ ሰው የናቀው ሽማግሌውን ሳይሆን ሕጉን ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ከዚህ ሐሳብ ብዙ አልራቀም። በአንቀጽ 56 የደነገገው ባጭሩ ይህ ነው፤ ሰውየው በቃሉ ወይም በአድራጎቱ እጁን ከሰጠ በቃ፤ ካልሰጠ ያዡ ሰውነቱን ይነካዋል ወይም ያግደዋል፤ በኃይል ከተቃወመ ወይም ሊያመልጥ ከሞከረ ደግሞ ለሁኔታው ተመጣጣኝ በሆነ ዘዴ ሁሉ መጠቀም ይቻላል። የዛሬው ጥያቄዬ ያለው በዚህች «ተመጣጣኝ» በምትባል ቃል ውስጥ ነው። ክንድ መጠምዘዝ ሊመጠን ይችላል። አንገት ማነቅስ? ክርንን ጉሮሮ ላይ፣ ጉልበትን ማጅራት ላይ ማሳረፍስ የሚመጠን ነገር ነውን?

በዚህ ነገር በመኝታ ክፍላችን ሦስት ምሽት ሙሉ ተከራክረናል። የሕግ ተማሪ የሆነው ጓደኛዬ (ስሙን አልጽፍም፤ ከፈለገ ራሱ ብቅ ይበል) እንዲህ ይላል፦ «ፖሊሱ ብቻውን ነው። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። አንድ ሰካራም ጩቤ መዞ ሰው መሐል ገብቷል። ፖሊሱ ቢተኩስ ሰውየውም፣ ከኋላው ያለችው ጌሾ ሻጭም ሊሞቱ ይችላሉ። ዞሮ አንገቱን አንቆ ቢጥለው ግን ሁሉም በሕይወት ወደየቤቱ ይገባል። አንተ ማነቅ ይከልከል ስትል ፖሊሱን ወደ ጥይት እየገፋኸው ነው።»

ይህ በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። እኔም የመጀመሪያውን ምሽት መልስ አጥቼ ተኛሁ። ጓደኛዬ ግን ሳያስበው አንድ ነገር አምኖ ተቀብሏል፤ ማነቅ ከጥይት የዋህ ነው ብሎ። ነውን?

አንገት እንደ ክንድ አይደለም። ክንድ የሚጠመዝዝ ሰው ሲበዛበት ይሰብረዋል፤ የተሰበረ ክንድ ወጌሻ ያቃናዋል። በአንገት ውስጥ ግን የአየሩ ቧንቧና ደም ወደ አንጎል የሚወስዱት ሥሮች በጠባብ ቦታ ተጎራብተው ነው የሚያልፉት። አሜሪካ ውስጥ ፖሊሶች ሁለት ዓይነት አስተናነቅ ይማሩ ነበር። አንደኛው ከፊት ለፊት ጉሮሮን የሚዘጋ ነው። ሁለተኛው በግራና በቀኝ ያሉትን የደም ሥሮች ተጭኖ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ራስ የሚያስት ነው፤ ይህኛው ጉዳት የለውም እየተባለ ይሰጥ ነበር። ማሠልጠኛ ውስጥ ሁለቱ ይለያሉ። መንገድ ላይ፣ ሰው እየተወራጨ፣ ላብ እያንሸራተተ፣ ከጎን የነበረው ክርን ወደ ጉሮሮ ለመዞር ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?

ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህ አይደለም። የሚታነቅ ሰው ይወራጫል። ይህ ዐመፅ አይደለም፤ ሳንባው ነው። ጉና ጫፍ የወጣ ሰው ይመስክር። ከ4,000 ሜትር በላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ከሁለት ሦስተኛው ያነሰ ነው። ገብስ ተሸክሞ ያንን ዳገት የሚወጣ ሰው ትንፋሹ ሲቆረጥበት ሸክሙን ይጥለዋል፤ ልጣል አልጣል ብሎ አይመክርም፤ እጁ ራሱ ይለቀዋል። «ባለቤቱን ደፈረ» የሚለው የለም። አንገቱ የተያዘ ሰው ግን እጁ ራሱ ተነሥቶ የያዘውን ክንድ ሲቧጥጥ «ተቃወመ» ይባላል። ተቃወመ ስለተባለ ይጠበቅበታል። ስለጠበቀበት የባሰውን ይወራጫል። አያያዙ የራሱን ምክንያት ራሱ እየፈለፈለ ነው የሚሄደው። ተመጣጣኝ የሚለው ሚዛን እዚህ ላይ ይሰበራል፤ ምክንያቱም በአንዱ ሰሐን ላይ ያለውን ክብደት የሚጨምረው በሌላው ሰሐን ላይ ያለው እጅ ነው።

ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም ያልኩት። እ.ኤ.አ. በ1976 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አዶልፍ ላየንስ የተባለ ጥቁር ወጣት የመኪናው የኋላ መብራት ተቃጥሎ ስለ ነበር ፖሊሶች አስቆሙት። አንገቱን አንቀው ራሱን አሳቱት። ሲነቃ የትራፊክ ክስ ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱት። ሰውየው ይህ ልማድ እንዲቆም ከሰሰ፤ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1983 በ5 ለ4 ድምፅ ተወሰነበት። ምክንያት? ወደፊት እንደገና ተይዞ እንደገና እንደሚታነቅ ማስረዳት አልቻለም! (እንዴ፣ ምን ዓይነት ማስረጃ ነው የተፈለገው? ቀጠሮ ተይዞ ይታነቃል?) ከተቃወሙት ዳኞች አንዱ ተርጉድ ማርሻል ነበሩ፤ እሳቸውም ጥቁር ናቸው። ከ1975 ወዲህ በከተማዪቱ ፖሊሶች ከታነቁ በኋላ 16 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከነሱም 12ቱ ጥቁር ወንዶች መሆናቸውን ጻፉ። የታነቀ ሰው ሳያስበው እንደሚወራጭ፣ ፖሊሱም ያንን እንደ እምቢታ ቆጥሮ እንደሚያጠብቅ ያስረዱትም በዚያው ጽሑፋቸው ነው።

ታዲያ መከልከል ነዋ! ትሉ ይሆናል። ኒው ዮርክ እኮ ከልክላ ነበር፤ በ1993። በ2014 ኤሪክ ጋርነር ነጠላ ሲጋራ ትሸጣለህ ተብሎ ሲያዝ አንገቱን የጠመጠመው ክንድ የዚያችው የከልካይዋ ከተማ ፖሊስ ክንድ ነው። «መተንፈስ አልቻልኩም» ያለው 11 ጊዜ ነው። መመሪያው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ቀጥሎ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ የአገራችን ሰዎች በሚኖሩባት በሚኒሶታ፣ ግንቦት 17 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ጆርጅ ፍሎይድ በ20 ዶላር ሐሰተኛ ኖት ተጠርጥሮ ተያዘ። እኔን ዘወትር የሚያባንነኝ የ9 ደቂቃ ከ29 ሰኮንዱ ርዝመት አይደለም። እጆቹ በካቴና ታስረው የነበሩ መሆናቸው ነው። አንድ አዲስ ፖሊስ «በጎኑ እናዙረው?» ብሎ ጠይቆ ነበር፤ አይሆንም ተባለ። በኋላ በፍርድ ቤት ማርቲን ቶቢን የተባሉ የሳንባ ሐኪም ሲመሰክሩ፣ እየተናገረ ያለ ሰው ይተነፍሳል የሚለው እምነት እጅግ አደገኛ መሆኑን አስረዱ። ያሁኑ ቃል የሚወጣው አስቀድሞ በገባው አየር ነው።

ፖሊስ መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ ያወጣውን መግለጫ ግን ልብ በሉ። ሰውየው ከፖሊስ ጋር በነበረው ግንኙነት መሐል የጤና እክል ገጥሞት ሞተ የሚል ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ዜማ እናውቀዋለን። ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በደርግ እጅ ሳሉ ሲሞቱ የተነገረው በሕመም አረፉ ተብሎ ነው፤ ቀዶ ሕክምና አድርገው እንደነበርም ተጨመረበት። በ1987 ዓ.ም. የልዩ ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲነበብ ግን አልጋቸው ላይ ታንቀው ተገደሉ ይል ነበር። ልዩነቱ አይጠፋኝም። ያ የተመከረበት ግድያ ነው፤ የመንገዱ ፖሊስ መግደልን አስቦ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ዙፋን ላይ ተቀምጠው የነበሩት አዛውንትና ሲጋራ ሻጩ በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም በሰው እጅ ነበሩ፤ ስለ ሁለቱም አሟሟት የመጀመሪያውን ቃል የተናገረው የያዛቸው ወገን ነው።

በሰው እጅ መሆን ምንድር ነው? አማርኛችን «እጁን ሰጠ» ይላል። እጁን የሰጠ ሰው የሰጠው ግን እጁን ብቻ አይደለም። እጁ የፊጥኝ የታሰረ ሰው ከፊቱ ላይ ዝንብ ማባረር አይችልም። ቢወድቅ በክንዱ አይመክትም። ቢያስለው አፉን አይሸፍንም። እነዚህን ሁሉ ታዲያ ማን ያድርግለት? ያሰረው ነው እንጂ!

የጥንቱ ሥርዓታችን ይህን በግልጽ ያሳይ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ፣ የነጠላቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ሰንሰለት ተያይዘው፣ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይባላል። «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። እኔን የሚደንቀኝ ያዡም መታሰሩ ነው። አንዱ ሲደናቀፍ ሌላው ይጎተታል፤ አንዱ ውሃ ሲጠማው ወደ ወንዝ የሚወርዱት ሁለቱም ናቸው። በዚያ ቋጠሮ ውስጥ ያለ ከሳሽ የተከሳሹን ትንፋሽ ሳይሰማ ማምሸት አይችልም። ጥንት ሁሉ ደግ ነበር ማለቴ ግን አይደለም፤ ሌባ ሻይም እኮ የዚያው ጥንት ነው። መድኃኒት ጠጥቶ የሚንገዳገድ ልጅ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ ነገሩ የአሜሪካ ፖሊስ ብቻ እንዳይመስለን። እኛ የደብረ ታቦር ልጆች ያደግነው እጅ ያልሰጠውን ስናወድስ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን መድፍ ከዚህ ከኛው ምድር እየጎተቱ መቅደላ ድረስ ወስደው፣ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ሊይዟቸው ሲቃረቡ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ይህን ሳያውቅ የሚያድግ ልጅ የለም። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ግን እዚያው አምባ ላይ ብዙ እስረኞች ወደ ገደል ተወርውረዋል፤ ያስወረወሯቸውም እሳቸው ናቸው። እነዚያ እጃቸውን የሰጡ ሰዎች ነበሩ። ስማቸውን ማን ያነሣል? ንጉሡን ማክበሬን አልተውኩም፤ ግን እጅ ላለመስጠት የምናለቅሰውን ያህል እጅ ለሰጡት አልቅሰን አናውቅም።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.ም እንዲሁ ነው። ጄኔራል አማን አንዶም ሊይዟቸው ከመጡት ወታደሮች ጋር እቤታቸው ተታኩሰው ሞቱ። በዚያው ሌሊት እጃቸውን ሰጥተው የታሰሩ ወደ 60 የሚሆኑ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ይህንን በማግሥቱ የሰማ ሰው ምን ይማራል? እጁን የሰጠውም ያልሰጠውም ከሞተ፣ እኔ ለምን እሰጣለሁ? ፖሊስ እጁን የሰጠ አንድ ሰው በገደለ ቁጥር የሚቀጥለው ሰው «በሕግ አምላክ» ሲባል እንዳይቆም እያስተማረ ነው። የሚቀጥለውን ሰው የሚይዘው ደግሞ ሌላ ፖሊስ ነው፤ ባለ ትዳር፣ ባለ ልጆች ፖሊስ።

ደግሞስ «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ከፖሊስ ቀድመን የምንደርሰው እኛ አይደለንም? ገበያ ላይ ልጁን በገዛ ፎጣው አንገቱን ጠምዝዘው ሲጎትቱት ያላየ ማን አለ? የሚጎትተው ዩኒፎርም የለበሰ አይደለም። ፖሊሱም ከሰማይ አልወረደም፤ ከፋርጣ ወይም ከጋይንት የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ሌባ እንዴት እንደሚያዝ መጀመሪያ ያየው ማሠልጠኛ ሳይገባ በፊት ነው።

ለጓደኛዬ በሦስተኛው ምሽት የመለስኩለት ይህንን ነው። ማነቅን እንደ ጥይት ቁጠረው። ሰካራሙ ጩቤውን ሴትዮዋ ላይ ካነሣና ሌላ መንገድ ከሌለ፣ ጥይት የሚፈቀድበት ቦታ ነውና ማነቁም ይፈቀድ፤ እኔ እዚያ ላይ አልከራከርም። ለኪስ አውላቂ፣ ለሰዳቢ፣ መታወቂያ አላሳይም ላለ ሰው ግን ጥይት እንደማይተኮስ ሁሉ አንገትም አይያዝ። እጁ ከታሰረ በኋላ ደግሞ ጩቤ የያዘውም ቢሆን ጩቤው የለም። አስቀምጠው ወይም በጎኑ አስተኛው፣ ደረቱን ልቀቀው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ለተቆረጠች ትንፋሽ ሁሉ መልስ የሚሰጠው ያዡ ነው፤ «ታሞ ነበር» የሚባል መልስም አይበቃም። ታሞ ከነበረማ የባሰውን በአደራ ይያዝ።

ጓደኛዬ ዝም ብሎ ሰማኝና «ጥሩ፤ ደቂቃውን ግን ማን ይቆጥራል?» አለኝ። ሚኒሶታ ላይ የቆጠሩት መንገደኞች ናቸው። ከነሱ አንዷ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በስልኳ ቀረጸችው። አንዷ ደግሞ ከሥራ ሰዓቷ ውጭ የነበረች የእሳት አደጋ ሠራተኛ ናት፤ የደም ትርታውን እዩለት እያለች ለመነች። በቋንቋቸው «በሕግ አምላክ» ማለታቸው ነበር፤ የቆመላቸው ግን አልነበረም። ቃሉ ለሌባው ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ማንም በማንም ላይ ሊጠራው ይችላል፣ በፖሊስም ላይ ቢሆን አልኩት።

«እዚህ ፖሊስን በሕግ አምላክ ብለህ ሞክረውና አብረህ ትገባለህ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ መብራቱን አጠፋና በጨለማው ውስጥ፣ መልሱን በሚቀጥለው እትም እጽፋለሁ አለኝ። እየጠበቅሁ ነው።