የውሽንፍር ውበትና የተመልካቹ ዕዳ

ክረምት በመካኒሳ ሁለት ድምፅ አለው። አንደኛው ከላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው የዶፍ ጩኸት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከታች በትንሹ አቃቂ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ እያንከባለለ የሚያልፈው የጎርፍ ጉርምርምታ ነው። በወንዙ ዳር ጎመንና ቆስጣ፣ ሰላጣና ድንች ሲያለሙ ለብዙ ዓመታት የኖሩ ሰዎች ጆሯቸውን የሚሰጡት ለሁለተኛው ነው። ከዳገቱ በላይ በመስኮት ቆሞ መብረቁ የፉሪን ተራራ ሲያበራው የሚመለከተው ሰው ግን የሚሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ዝናቡ አንድ ነው፤ ሰዓቱም አንድ ነው። ይሁንና አንደኛው «እንዴት ያምራል!» ሲል ሌላው ጎርፉ መደቡን ሳይወስድበት ያልደረሰ ጎመን ይነቅላል።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ለኪነ ጥበብ ሰው እንግዳ አይደለም፤ አዘውትሮ ሲጠየቅ ግን አይሰማም። ሌላውን የሚያጠፋውን ነገር ውብ ነው ብሎ መመልከት ነውር ነውን? ነውር ካልሆነስ፣ ተመልካቹ በመመልከቱ ምክንያት የሚገባው ዕዳ ይኖራልን?

ጥያቄው ጎልቶ የሚታየው መመልከት ብቻውን አልበቃ ብሎ ፍለጋ ወደ መሆን ሲሸጋገር ነው። በሰሜን አሜሪካ ሰፊ ሜዳዎች ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነጎድጓዳማ ውሽንፍርን በመኪና እየተከተሉ መዋል እየተለመደ መጥቷል። ሰዎቹ በጧት የአየር ትንበያ ያነባሉ፤ ቀትር ላይ ደመናው ይበቅልበታል ብለው ከገመቱት ስፍራ ይደርሳሉ፤ ከዚያም ጀምበር እስክትጠልቅ መቶዎች ኪሎ ሜትር ይነዳሉ። ድርጊቱን ሁሉ ከንቱ ጨዋታ ነው ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1973 ዩንየን ሲቲ በምትባል የኦክላሆማ ከተማ አጠገብ የተነሣውን ጥምዝ አውሎ ነፋስ ተመራማሪዎች ከልደቱ እስከ ፍጻሜው ተከታትለው ቀርጸውታል፤ ራዳርም ዐውሎው ከደመናው ሆድ ውስጥ አስቀድሞ ሲሽከረከር ለመለየት እንደሚችል ከታወቀባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ይኸው ነበር። ዛሬ ለሕዝብ የሚነገረው ማስጠንቀቂያ ከዚያ ሥራ ብዙ ወርሷል።

የዚህ ሥራ ሌላው ገጽ ደግሞ እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 2013 በዚያው በኦክላሆማ ኤል ሬኖ አጠገብ ታየ። በዚያ ዕለት የተነሣው ዐውሎ ወርዱ 4.2 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። ቲም ሳማራስ፣ ልጁ ፖል ሳማራስና የሥራ ባልደረባቸው ካርል ያንግ ከነመኪናቸው ተወስደው ሞቱ። ቲም ሳማራስ የመለኪያ መሣሪያዎቹን ዐውሎው በሚያልፍበት መንገድ ላይ እያኖረ ሲያጠና የኖረ ጠንቃቃ ሰው ነበር። በዚያ ምሽት መንገዶቹ ዐውሎውን በሚከተሉና ከዐውሎው በሚሸሹ ሰዎች መኪናዎች ተጨናንቀው ነበር። ሁለቱ ወገኖች በአንድ አስፋልት ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

በአማርኛችን «አሳዳጅ» ያለ ተሳዳጅ አይነገርም። ማዕበሉን ከሚያሳድደው ሰው ፊት የሚሮጠው ግን ማዕበሉ አይደለም፤ ከማዕበሉ ፊት የሚሮጥ ሌላ ሰው ነው።

የአገራችን ደመና ለእንዲህ ያለው ሩጫ ብዙም አይመችም። የደጋው ነጎድጓዳማ ዝናብ የሚወለደው ፀሐይ ያሞቀችው እርጥብ አየር ተራራ ተደግፎ ሲወጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ዘንቦ ያልቃል። ሆኖም ለመከተል የሚፈልግ ሰው ሜዳ አያጣም። እንበልና አንድ የመካኒሳ ሰዓሊ በመስከረም አጋማሽ ማለዳ ወረቀቱንና ከሰሉን ይዞ በጅማ መንገድ ተነሣ። ጀሞን፣ ዓለም ገናንና ሰበታን አልፎ ተፍኪ ሲደርስ የበቾ ሜዳ ይከፈትለታል። በዚህ ወቅት ሜዳው ክረምቱን ጠጥቶ የጠገበ መረሬ ነው፤ አዋሽ ከአፉ ሞልቶ በየዝቅታው ተኝቷል፤ ጤፉ አረንጓዴ ነው፤ ለሽምብራና ለጓያ የተተወው መሬት ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይጠብቃል። ጧት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ በሰሜን በወጨጫ ራስ ላይ የጥጥ ክምር የመሰለ ነጭ ደመና ይታያል። በሰባት ሰዓት ክምሩ ግንብ ይሆናል። በስምንት ሰዓት የግንቡ ራስ ሽቅብ መውጣት ተስኖት ወደ ጎን ይዘረጋና የአንጥረኛ መስፍ ይመስላል፤ ከሥሩም ሰማዩ እንደ ጠለሸ ብረት ይጠቁራል። በዚያ ጥቁረት ውስጥ ሽቅብ የሚነዳው ነፋስ የበረዶ ቅንጣቶችንና ጠጠሮችን እርስ በርሳቸው ያጋጫቸዋል፤ ከግጭቱም ኤሌክትሪክ ይለያያል። መብረቁ የሚያልፍበትን አየር ሠላሳ ሺህ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያግለዋል፤ ይህም ከፀሐይ ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ያህል ነው። ነጎድጓድ የምንለው የዚያ አየር ድንገተኛ መስፋፋት ነው።

ሰዓሊው ብልጭታውን አይቶ ድምፁ እስኪመጣ ይቆጥራል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ሠላሳ ሳይሞላ ድምፁ ከደረሰ መብረቁ ሰውን ለማግኘት ቀርቧል ማለት ነው። ሜዳ ላይ የሚጠጉበት ነገር ብቸኛ ዛፍ ብቻ ሲሆን፣ ዛፉ ደግሞ የሞት መጠጊያ ነው። (መካኒሳ የሚለው ስም በኦሮምኛ የብሳና ዛፍ ስም መሆኑን የሚያውቅ ሰው በዚህች ሰዓት ፈገግ ሊል ይችል ይሆናል።) ከብት የሚጠብቁ ልጆች የሚሞቱት አብዛኛውን ጊዜ ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ከብቶቹን ጥለው የሚገቡበት ቤት ሩቅ ስለሆነ ነው። ሰዓሊው ግን መኪና አለው። በብረት የተከበበ መኪና ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ከመብረቅ በደህና ይተርፋል።

እዚህ ላይ ከማሳው ዳር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቀርበው «ምን ጠፋህ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁት እንበል። «ደመናውን ልስል ነው፣ አባቴ» ይላል። ሽማግሌው ወደ ሰሜን ያያሉ፤ በረዶ ያዘለውን ደመና ከነመልኩ ለይተው ያውቁታል። «ይምጣ ነው የምትለው ወይስ ይለፍ?»

የነገሩ እንብርት ይህ ነው። ሰዓሊው ከጧት ጀምሮ በልቡ ይምጣ ሲል ውሏል። ደመናው ሲሳሳ አዝኗል፤ ሲጠቁር ደስ ብሎታል። በረዶው ቢወርድ ገበሬው የዓመት ልፋቱን መሬት ላይ ተኝቶ ያገኘዋል፤ ሰዓሊው ደግሞ የዕድሜውን ሥዕል ያገኛል። በአንድ ሰማይ ሥር የቆሙ የሁለት ሰዎች ምኞት እንዲህ ይቃረናል።

«ምኞት ደመና አያመጣም፤ ስለዚህ ማንንም አይጎዳም» የሚል ክርክር ሊቀርብ ይችላል። ክርክሩ በሥነ ፍጥረት ሕግ በኩል ትክክል ነው። በሥነ ምግባር በኩል ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ይሄዳል። የምኞት ኃይል ያለው በደመናው ላይ ሳይሆን በተመኚው ላይ ነው። ጥፋትን ለዓይኑ ሲል መመኘት የለመደ ሰው ጥፋቱ ሲመጣ ለመሮጥ እግሩ ይከብዳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ውበትም አንዳንዴ እንዲሁ ነው።

የአውሮፓ የሥነ ውበት ሊቃውንት ይህን ነገር ሳያስተውሉት አላለፉም። ኤድመንድ በርክ እ.ኤ.አ. በ1757 ባሳተመው ድርሳኑ፣ አደጋ እጅግ ሲቀርብ አስፈሪ ብቻ እንደሆነ፣ በመጠኑ ሲርቅ ግን የሚያስደስት ሊሆን እንደሚችል አስረድቷል። ኢማኑኤል ካንት በ1790 የተደረደሩ የነጎድጓድ ደመናዎችንና ዐውሎ ነፋሳትን በምሳሌነት ጠቅሶ፣ ተመልካቹ በአስተማማኝ ስፍራ እስከቆመ ድረስ አስፈሪነታቸው ይበልጥ ይስበዋል አለ። ታላቅነቱም በተፈጥሮ ውስጥ ሳይሆን ተፈጥሮን በሚቋቋመው የሰው ልቡና ውስጥ እንደሚገኝ ተናገረ። ሐሳቡ ጥልቅ ነው። ነገር ግን «አስተማማኝ ስፍራ» የሚለው ቃል ፈላስፋው ከገመተው በላይ ሸክም አለበት። አስተማማኝ ስፍራ ለሰው ሁሉ እኩል አልተከፋፈለም፤ ጣሪያ ነው፣ መኪና ነው፣ ከወንዝ ዳር የራቀ የቤት መሥሪያ ቦታ ነው። በመካኒሳ ዳገትና ቁልቁለት መካከል ያለው ልዩነት የልቡና ልዩነት አይደለም።

የሚገርመው ካንት ራሱ የበቾውን ሽማግሌ የመሰለ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ማስገባቱ ነው። የበረዶ ተራሮችን ወዳጆች ሁሉ ያለማመንታት ቂሎች ብሎ የጠራ አንድ የሳቮይ ገበሬ ነበር። ካንት ገበሬውን ያልሠለጠነ ብሎ ሊያልፈው ሲል ቆም ይላል፤ ተራራ ወጪው ሶሲዩር ለፈቃዱ ብቻ ወይም በኋላ በስሜት ለማውራት ሲል በአደጋው ውስጥ የገባ ቢሆን ኖሮ ገበሬው ፈጽሞ ተሳስቷል ለማለት እንደማይቻል ያምናል። ሶሲዩርን ነጻ የሚያወጣው ዓላማው ሰውን ማስተማር መሆኑ ነው። ከመጽሐፉ ሁሉ ለዚህ ጉዳይ የሚበጀው ይህ አጭር ማመንታት ሳይሆን አይቀርም።

ከካንት መጽሐፍ 37 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1753 በሴንት ፒተርስበርግ የሆነው ነገር ጉዳዩን ይበልጥ ያጠነክረዋል። የሳይንስ አካዳሚው አባል ጌኦርግ ሪክማን በስብሰባ ላይ ሳለ ነጎድጓድ ሰማ፤ ወዲያው ከጣሪያው ላይ ወደ ተከለው የብረት ዘንግ፣ ወደ ቤቱ ሮጠ። ብቻውን አልሄደም። የሚታየውን በሥዕል እንዲያስቀርለት ቀራጩን ኢቫን ሶኮሎቭን አስከትሎ ነበር። መብረቁ ሪክማንን ገደለው፤ ሶኮሎቭ ወድቆ ተነሣ። በዚያው ሰዓት ሚኻይል ሎሞኖሶቭ በገዛ ቤቱ ተመሳሳይ ምርመራ እያደረገ ነበር። ሎሞኖሶቭ ስለዚህ ሞት በጻፈው ደብዳቤ፣ ሪክማን የሙያውን ግዴታ ሲፈጽም ክቡር ሞት እንደሞተ ገለጸ፤ አደጋው ሳይንስን ለማውገዝ ምክንያት እንዳይሆን አሳሰበ። በዚያው ደብዳቤ ደግሞ ለሟቹ ሚስትና ልጆች መተዳደሪያ እንዲሰጥ ለመነ። ጀግንነትን ማወደስና የሙት ልጆችን እንጀራ ማሰብ በአንድ ወረቀት ላይ ሲገኙ ብርቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ውዳሴው ብቻ ነው።

እንግዲህ ሰዓሊው ደመናውን እንዳይመለከት ይከልከልን? እንዲህ ያለው ፍርድ ኪነ ጥበብን ወደ ደወል ደዋይነት ያወርዳታል። ሥዕል ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይሁን የሚለው አቋም በየዘመኑ ተሞክሯል፤ ያተረፈው መልካም ማስጠንቀቂያም መልካም ሥዕልም አይደለም። ውሽንፍሩ ውብ ነው፤ ውብ አይደለም ብሎ መዋሸት ለገበሬው ጤፍ አይመልስለትም። ተመልካቹን የሚያስጠይቀው ማየቱ አይደለም፤ ያየውን ለራሱ ብቻ ማስቀረቱ ነው።

ይህ በሐሳብ ብቻ የሚቀር ነገር አለመሆኑን ድሬዳዋ አሳይታለች። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ በድንገት ሞልቶ ከተማዪቱን መታ፤ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጎርፉን ያመጣው በላይኛው ደጋ የዘነበው ከባድ ዝናብ ነበር። ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ወንዝ በእንቅልፍ ላይ ያሉትን ሰዎች ከነቤታቸው ወሰዳቸው። ከላይ ሲዘንብ ያየ ዓይን አልጠፋም ነበር፤ ደጋው ሰው የሚኖርበት አገር ነው። የጠፋው ከሚያየው ሰው ወደሚተኛው ሰው የሚያደርስ መንገድ ነው።

ሰዓሊው ወደ ቆመበት ወደ በቾ ስንመለስ፣ በወጨጫ ላይ ያለው ደመና ለእርሱ ሥዕል ብቻ አለመሆኑ አሁን ይታያል። ከተራራው ደቡብና ምዕራብ የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ሜዳ ይመጣል። በምሥራቅ ተዳፋት የሚወርደው ግን ወደ ትንሹ አቃቂ ገብቶ በመካኒሳ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል፣ በመጨረሻም ወደዚያው ወደ አዋሽ ይደርሳል። ሰዓሊው ከቤቱ ስልሳ ያህል ደቂቃ ርቆ የሚመለከተው የገዛ ሰፈሩን ጎርፍ ነው። በወንዙ ዳር ያሉት አትክልተኞች በዚያች ሰዓት ከራሳቸው በላይ የሚያዩት ጥርት ያለ ሰማይ ሊሆን ይችላል። ዛሬ በኪሱ ስልክ የሌለው ሰዓሊ የለም።

ይደውላል እንበል። ከደወለም በኋላ ከሰሉን ያነሣል፤ ብርሃኑ ሳይጠፋ ይቸኩላል። ማታ ሲመለስ በመካኒሳ ድልድይ ላይ ይቆማል። ውሃው ደፍርሶ ከመደቦቹ ደርሷል፤ የውሃ መሳቢያው ሞተር ግን ከዳገቱ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ያወጡት ስለተነገራቸው ነው ለማለት አይቻልም፤ የወንዙን ጉርምርምታ እነርሱ ከማንም ቀድመው ያውቃሉና ባይደወልላቸውም ያወጡት ነበር ይሆናል። ቤቱ ገብቶ ወረቀቱን በመብራት ሥር ይዘረጋዋል። መስፉ አለ፤ ጥቁረቱ አለ፤ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ከመስመሩ በታች፣ ሽማግሌው ቆመው የጠየቁት ጤፍ በነበረበት ስፍራ፣ ወረቀቱ ባዶ ነው።