ነጻ ስለ ተባለው ቍርስ

ከጋይንት ወይም ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ የቀድሞ መንገደኛ፥ ቀኑ ሲጨልምበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ መሆኑን ይናገር ነበር። ባለቤቱም እግሩን አጥቦ፥ ያለውን አቅርቦ፥ መደቡን ለቆ ያሳድረው ነበር። በማለዳም ለስንቁ ቂጣ ወይም ቈሎ ይቋጥርለታል እንጂ ዋጋ አይጠይቀውም፤ ከዚህ በፊት ስንት ሌሊት እንዳደረም አይቈጥርበትም። ዛሬ ግን መንገደኛው በሆቴል ያድራል፤ ሆቴሉም ሌሊቱን ይቈጥራል።

ይህ ሌሊት የመቍጠር ልማድ ከአውሮፕላን ኩባንያዎች የተወረሰ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1981 አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው ኩባንያ ደጋግመው የሚሳፈሩትን ሰዎች መዝግቦ የበረሩትን ርቀት እየቈጠረ መሸለም ጀመረ። በ1983 ሆሊዴይ ኢንና ማሪዮት፥ በ1987ም ሂልተን ይህንኑ ወደ ሆቴል አመጡት። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሸባ ማይልስ የሚባል የደንበኞች መዝገብ አለው፤ ንግሥተ ሳባ ግን ወደ ኢየሩሳሌም በሄደች ጊዜ ስጦታ ይዛ ሄደች እንጂ የተጓዘችውን ምዕራፍ ቈጥራ ዋጋ አልጠየቀችም። ሂልተን በ1969፥ ሸራተን አዲስ በ1998 በአዲስ አበባ ስለ ተከፈቱ፥ ነገሩ ለኢትዮጵያዊው ተጓዥ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ሥርዐቱ እንዲህ ነው። እንግዳው ስሙን ያስመዘግባል፤ ባደረ ቍጥር ነጥብ ይጻፍለታል፤ ነጥቡና ሌሊቱ ሲበዛ ማዕረጉ ከፍ ይላል፤ ማዕረጉም በብር፥ በወርቅ፥ በአልማዝ ስም ይጠራል። (አንድ ቅኔ ያልቈጠረ ሰው በመተኛት ብቻ ወርቅ ለመባል የበቃው በዚህ ዘመን ነው።) በሂልተን ሥርዐት ከወርቅ ማዕረግ የደረሰ እንግዳ በብዙ አገር ባሉት ሆቴሎች ቍርስ ያለ ክፍያ ይቀርብለታል፤ ከእርሱም ጋራ በአንድ ክፍል ላደረ ለአንድ ሰው እንዲሁ። ነገር ግን በ2021 ይኸው ኩባንያ በአሜሪካ አገር ባሉት በብዙዎቹ ሆቴሎቹ ቍርሱን አስቀርቶ በምትኩ ለምግብና ለመጠጥ የሚታሰብ የተወሰነ ገንዘብ አደረገ። ስጦታ ቢሆን ኖሮ የተቀበለው ሰው ባመሰገነ እንጂ ባልተከራከረ ነበር፤ ብዙዎች ግን መብታችን ተነካ ብለው አጕረመረሙ። ስለዚህም ቍርሱ ስጦታ ተብሎ ይጠራ እንጂ ውል እንደ ሆነ ሰጪውም ተቀባዩም በልባቸው ያውቁት ነበር።

ነጻ የሚለው ቃል ነጽሐ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ነጽሐ ማለትም ንጹሕ ሆነ ማለት ነው። በገበያ ሰው አፍ ነጻ ማለት ዋጋ የሌለው ማለት ሆኗል። ሰሙ ይህ ነው። ወርቁን የሚፈልግ ሰው ግን ቍርሱ ዋጋ የለውምን ብሎ ሳይሆን ቍርሱ ንጹሕ ነውን ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ዋጋ የሌለው እንጀራ በዓለም ላይ አልተገኘም፤ ስንዴውን ያረሰ፥ ቡናውን የለቀመ፥ ሌሊት ተነሥቶ ምድጃውን ያነደደ ሰው አለ፤ ወጪውም በአልጋው ዋጋ ውስጥ ተደባልቆ ተከፍሏል። ቀሪው ጥያቄ የከፈለው ማን ነው የሚለው ነው።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። አንድ የደብረ ታቦር ሰው በአንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥሯል እንበል። ሥራው በላይ ጋይንት፥ በታች ጋይንትና በስማዳ ስላለው የምግብ እጥረት ነው፤ በእነዚህ ወረዳዎች ሴፍቲኔት የተባለው የእርዳታ ሥራ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መካሄዱ የታወቀ ነው። ይህ ሰው ስለ ረኃቡ ለመመካከር በየጊዜው ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ድርጅቱ አልጋውን ይከፍልለታል፤ ሌሊቱ ግን በእርሱ ስም ይቈጠራል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወርቅ ሆነ። እንግዲህ በማለዳ ወደ አዳራሹ ሲወርድ እንቍላሉም፥ ዳቦውም፥ ማሩም ያለ ክፍያ ይጠብቀዋል። የውሎ አበሉም ሲታሰብ የቍርስ ገንዘብ በውስጡ አለበት። አንድ ሆድ ሁለት ቍርስ ተከፈለለት ማለት ነው፤ ሁለተኛው ከጋይንት ድኻ ስም በተለመነ ገንዘብ።

ሰውየው ለራሱ የሚሰጠው መልስ ቀላል አይደለም፤ ሊናቅም አይገባም። «የደከምሁት እኔ ነኝ፤ ከሚስቴና ከልጆቼ ተለይቼ ያደርሁት እኔ ነኝ፤ ሆቴሉም ቍርሱን የሰጠው ለእኔ እንጂ ለመሥሪያ ቤቱ አይደለም» ይላል። በዚህ ቃሉ እውነት አለበት። ከቤቱ ርቆ ያደረ ሰው ትኵስ ቡና ቢጠጣ ማን ይከሰዋል? መብላቱ ነውር የለበትም። ነውሩ ያለው ከበላ በኋላ አልበላሁም ብሎ ገንዘቡን መቀበሉ ላይ ነው። ብዙ ድርጅቶች ምግብ በሌላ መንገድ ሲቀርብ ከአበሉ ይቀነስ ብለው ደንብ ያወጡት ይህን አይተው ነው፤ ደንቡ ግን በአዳራሹ በር ቆሞ አያይም፤ የሚያየው ኅሊና ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ከዚህ ይልቅ ይረቅቃል፤ ከበጎ ልማድ የሚመጣ ነውና። የደጋው ሰው ብቻውን መብላትን እንደ ነውር ይቈጥራል። ቍርስ የሚለው ስም ራሱ ቈረሰ ከሚለው የወጣ ነው፤ ቈርሶ ለሌላው የሚሰጥ ከሌለ ቍርስ ምኑ ቍርስ ይባላል? በቡፌው አዳራሽ ግን ለእንግዳው የሚቈርስለት ጌታም ሆነ የምታጐርሰው እመቤት የለችም፤ ሁሉም ሳህኑን ይዞ ለራሱ ይቈርሳል። እንግዲህ በአዲስ አበባ የሚኖር የአገሩ ልጅ ሊጠይቀው በማለዳ ቢመጣ ተቀመጥና ብላ አለማለት ይጨንቃል። አሳላፊው የክፍሉን ቍጥር ሲጠይቅ «ሁለት ሆነን ነው ያደርነው» ማለት ይበቃል። ሐሰቱ ከአንድ ሲኒ ቡና አይበልጥም። ነገር ግን ወዳጁን የጋበዘው ከራሱ አይደለም፤ ቤቱ የሌላ፥ እህሉ የሌላ፥ የእርሱ የሆነችው ሐሰቲቱ ብቻ ናት። የወዳጁን ሒሳብ ከኪሱ ቢከፍል ግን ግብዣው የራሱ ይሆናል፤ ዋጋው ቢከብደው ከውጭ በትንሽ ሻይ ቤት ቢያበላው ክብሩ አይጐድልም።

ስለዚህ ነገር በኦሪት ዘዳግም የተሠራች ሕግ አለች፤ ለሆቴል የተጻፈች እስክትመስል ድረስ ትስማማለች። ወደ ባልንጀራው ወይን የገባ ሰው እስኪጠግብ ይብላ፤ በዕቃው ግን ጨምሮ አይውሰድ ትላለች። መብላቱ የእንግዳ መብት ነው፤ መቋጠሩ ግን የባለቤቱን ድርሻ መንካት ነው። ሆቴሎችም ዛሬ የሚከለክሉት ይህንኑ ነው። በደጅ ለተቀመጠው ሊስትሮ ብሎ ሁለት ዳቦ በሶፍት ጠቅልሎ የሚወጣ እንግዳ ልቡ መልካም ነው፤ ርኅራኄውን የሚነቅፍ አይገኝም፤ ነገር ግን የመጸወተው የሌላውን ነው። አለቃውን ጠርቶ «ይህን ለልጁ ልስጠውን?» ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚያሳፍረው ይህ ብቻ ነው፤ ሰውም ከመጠየቅ ይልቅ መደበቅን የሚመርጠው ስለዚሁ ነው።

የደብረ ታቦር ልጆች ይህን ሁሉ ከመማራቸው በፊት በቡሄ አይተውታል። በነሐሴ 13 ቀን በዓል፥ ከተማዪቱም በዓሉም በአንድ ስም በሚጠሩበት ቀን፥ ልጆች ከደጅ ወደ ደጅ ሆያ ሆዬ እያሉ ሲዞሩ እናቶች ሙልሙል ይሰጧቸዋል። ባለቤቲቱ ይህ ልጅ አምና መጥቶ ነበርን ብላ አትጠይቅም፤ አምስት ዓመት የተመላለሰውና ዛሬ ገና ዱላ የያዘው ሕፃን እኩል ይቀበላሉ። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ የሚለምነው የቆሎ ተማሪም እንዲሁ ነው፤ ትናንት ከዚህ ደጅ ስለ ተቀበለ ዛሬ ማዕረግ አያገኝም። ሆቴሉ ታማኝ የሚለው ደጋግሞ የከፈለውን ነው። በዚህ ሆቴሉ አይነቀፍም፤ ነጋዴ ነው። ነገር ግን ታማኝ የሚለውን ስም ከነጋዴ እጅ የተቀበለ ሰው፥ የትኛው ጌታው እንዲህ ብሎ እንደ ጠራው መለየት ይገባዋል፤ የአልጋውን ዋጋ የከፈለለት ድርጅትና በስሙ የተለመነበት የጋይንት ገበሬም ታማኝነቱን ይጠብቃሉና።

በዐቢይ ጾም የሆነው እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ቍርሱ በአራት ሰዓት ይነሣል፤ ጾመኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም። አንዳንድ ሆቴል የጾም ምግብ ያቀርባል፤ በጧት የቀረበ የጾም ምግብ ግን ለሚጾም ሰው ምን ይጠቅማል? የእኛ ሰው አልበላም፤ ድርሻው በአዳራሹ ቀረ። ስለዚህ «ባልበላሁት ምትክ የቍርሱን አበል ወስጄ ለነዳያን ልስጥ» የሚል አሳብ ይመጣበታል። አሳቡ የጽድቅ ልብስ ለብሷል። ነገር ግን በሌላው ገንዘብ የተሰጠ ምጽዋት የሰጪው አይባልም፤ ገንዘቡም አስቀድሞ ለነዳያን የተመደበ ነበርና ለነዳያን በራሳቸው ገንዘብ መመጽወት ይሆናል። ሊመጸውት ቢወድ ከደመወዙ ይመጽውት። ወደ ደብረ ታቦር በተመለሰም ጊዜ የሒሳብ ማወራረጃውን ወረቀት አውጥቶ፥ ባደረበት ሌሊት ሁሉ አንጻር «ቍርስ በሆቴሉ ቀርቧል» ብሎ ጽፎ፥ ፈርሞ፥ ለገንዘብ ያዡ ያስረክባል።