ሒሳቡን ያስገጠመው ልጅ

ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም. እሁድ ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ትንሽ እልፍ ሲል ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። ኤንቢኤ አብረን የምናይ ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ተነስተን ጨዋታ አይተን፣ ጠዋት ዓይናችን ቀልቶ ሥራ የምንገባ ዓይነት። የዳላስ ደጋፊ የሆነው ጓደኛችን የላከው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «ሉካ ተሸጠ።»

አላመንኩም። ዜናውን ያወጣው ሻምስ ቻራኒያ አካውንቱ ተጠልፎ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አሜሪካም ብዙ ሰው ያሰበው እንደዚያው ነው። ግን እውነት ነበር። ዳላስ ማቬሪክስ የ25 ዓመቱን ሉካ ዶንቺችን፣ ከማክሲ ክሌበርና ከማርኪፍ ሞሪስ ጋር ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሰጥቶ አንቶኒ ዴቪስን፣ ማክስ ክሪስቲንና የ2029ን የመጀመሪያ ዙር ድራፍት ምርጫ ተቀበለ (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሉካ ገና ከስምንት ወር በፊት ዳላስን ለፍጻሜ ያደረሰ ልጅ ነው። ልቀቁኝም አላለም።

ከሰዓት በኋላ ማኪያቶ ይዘን ተቀመጥን። የዳላሱ ጓደኛችን ለቅሶ ቤት የመጣ ነው የሚመስለው። «ክህደት ነው» አለ። «ልጁን በ19 ዓመቱ ነው የወሰዱት። ሰባተኛ ዓመቱ ነው። ውለታ የሚባል ነገር የለም እንዴ?»

ሌላው ጓደኛችን አካውንታንት ነው። ስልኩን አውጥቶ ቁጥር ይቆጥር ገባ። ሉካ በዚያው ክረምት ለአምስት ዓመት 345 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያስገኝ ውል መፈረም ይችል ነበር። ያንን ውል የሚያገኘው ግን ዳላስ ከቆየ ብቻ ነው፤ ወደ ሌላ ክለብ የሄደ ቀን መብቱ ይቀራል። ከገና ቀን ጀምሮ ደግሞ በባቱ ጉዳት አልተጫወተም። «አስቡት እስቲ» አለ። «ከደመወዝ ጣሪያው ሰላሳ አምስት በመቶውን አንድ ሰው ላይ አስረህ፣ ያ ሰው ቢጎዳ ምን ታደርጋለህ? ስሜት ሌላ፣ ሒሳብ ሌላ።»

እኔ መሐል ተቀምጬ ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያብሰለስለኝ የከረመው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ሒሳቡ ልክ ከሆነ፣ ውለታው ይሰረዛል?

ለማታዩት ላስረዳ። ኤንቢኤ ውስጥ አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ የሚከፍለው ደመወዝ ጣሪያ አለው። በ2024-25 ጣሪያው 140.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የራስህን ተጫዋቾች ለማቆየት ግን ከጣሪያው ማለፍ ትችላለህ። 170.8 ሚሊዮንን ስታልፍ የቅንጦት ታክስ ትከፍላለህ። 178.1 እና 188.9 ሚሊዮን ላይ ደግሞ አንደኛና ሁለተኛ ኤፕረን የሚባሉ መስመሮች አሉ። ሁለተኛውን ያለፈ ክለብ እጁ ይታሰራል፤ ለምሳሌ የሁለት ተጫዋቾችን ደመወዝ ደምሮ አንድ ትልቅ ተጫዋች ማምጣት አይችልም፣ በዝውውር ውስጥ ጥሬ ገንዘብ መስጠትም አይችልም። ሁለተኛው ኤፕረን በ2023ቱ ስምምነት የመጣ ነው።

ስለዚህ የዛሬ ደጋፊ ጨዋታ ማወቅ ብቻ አይበቃውም፤ ሒሳብ ማወቅ አለበት። እኔም ኢንጂነሪንግ የተማርኩ ሰው ነኝና ይሄ ነገር ይጥመኛል። ሕጉ እንደ ኮድ ነው፤ ይሄን ካወጣህ ያንን ታስገባለህ፣ ካልገጠመ ስህተት ይልሃል። ስንቴ ሥራ ላይ ሆኜ በጎን የዝውውር ሒሳብ ሳስገጥም እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ችግሩ፣ ይሄን ቋንቋ ስንለምደው ሳናውቀው ወንበር እንቀይራለን። ደጋፊ ሆነን እንጀምርና ሥራ አስኪያጅ ሆነን እንገኛለን። «ይሄ ውል ይራገፍ»፣ «ያኛው ጥሩ አሴት ነው» ማለት እንጀምራለን። «ውሉ» የምንለው ሰው ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት የገቡበት ከተማ አለው። የሚቀመጠው ገንዘብ ደግሞ የኛ አይደለም። ዳላስ 345 ሚሊዮን ቢያተርፍ ለኔ ለአዲስ አበባው ልጅ የማኪያቶ ዋጋ እንኳ አይቀንስልኝም። ግን የባለሀብቱን ኪስ እንደ ራሳችን ኪስ እንሟገትለታለን።

የኛ ቋንቋ እንዲያውም ሳይሸፋፍን ነው የሚናገረው። ተጫዋች «ተሸጠ» እንላለን። ከርት ፍለድ የሚባል የቤዝቦል ተጫዋች በ1969 ከሴንት ሉዊስ ወደ ፊላዴልፊያ ሲዛወር፣ ፈቃዴ ሳይጠየቅ የምሸጥና የምለወጥ ንብረት አይደለሁም ብሎ ለሊጉ ኃላፊ ጻፈ። ከሰሰ። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደበት። በቅርጫት ኳስ ደግሞ ኦስካር ሮበርትሰን በ1970 የመሠረተው ክስ በ1976 በስምምነት አልቆ፣ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ክለቡን የሚመርጥበትን በር ከፈተ። ዛሬ ውላቸው ሲያልቅ የፈለጉበት የሚሄዱት ተጫዋቾች ያንን በር ተሻግረው ነው።

አካውንታንቱ ጓደኛዬን ልካድ አልችልም፤ ጣሪያውም ራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በ1984-85 በ3.6 ሚሊዮን ዶላር ሲጀመር የተጫዋቾች ማኅበር ተደራድሮ የፈረመበት ነው። በለውጡ ተጫዋቾች ከሊጉ ገቢ የተወሰነ ድርሻ እንዲያገኙ ተደረገ፤ አሁን ድርሻቸው ከ49 እስከ 51 በመቶ ነው። እንደ ኦክላሆማ ሲቲ ያለ ትንሽ ከተማ በ2025 ዋንጫ ማንሳት የቻለውም የሎስ አንጀለስና የኒውዮርክ ገንዘብ ልክ ስላለው ጭምር ነው። ጣሪያው ይፍረስ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዳላስ ውስጥ ሉካ በሄደ ቀን ሰዎች ስታዲየሙ ደጅ የሬሳ ሣጥን ይዘው ወጡ። ቆመው ያለቀሱት የዲርክ ኖዊትዝኪ ሐውልት አጠገብ ነው። ዲርክ ለዳላስ 21 የውድድር ዓመት የተጫወተ ሰው ነው፤ ሐውልቱ ሥር የተጻፈው ቃል ስለ ታማኝነት ነው፣ ታማኝነት አይደበዝዝም የሚል። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ቦስተን፣ በ2024 ዋንጫ ያነሱለትን ጁሩ ሆሊዴይን ለፖርትላንድ፣ ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስን ለአትላንታ ሰጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ከሁለተኛው ኤፕረን በታች መውረድ። ለነሱ ሣጥን የያዘ ሰው አላየሁም። እኔ ራሴ ያልኩት ትዝ ይለኛል፦ «ያው ግድ ነው፤ ሕጉ ነው።»

ልዩነቱ ምንድነው? የዳላሱን ውሳኔ የወሰነ ሰው ስም አለው። ኒኮ ሃሪሰን ይባላል፤ ወጥቶም ዋንጫ የሚያመጣው መከላከል ነው ብሎ ተናገረ። ሕዝቡ ለወራት ይባረር እያለ ስታዲየም ውስጥ ጮኸበት፣ በኖቬምበር 2025 ተባረረ። የቦስተንን ግን የወሰነው «ሕጉ» ሆነ። ሕግ ላይ ደግሞ ማን ይጮሃል? እውነቱን ከተናገርን ግን ቦስተንም ውስጥ የወሰነ ሰው አለ። ታክሱ ዋጋ ነው፣ ክልከላ አይደለም። እጅ መታሰሩም ቢሆን፣ ታስሬ ልቆይ ወይስ ልፍታ ብሎ የመረጠ አለ። ምርጫው ምናልባት ትክክል ነበር። ግን ምርጫ ነበር።

«ግድ ነው» የምትለዋ ቃል የምትሠራው ይሄንን ይመስለኛል። የወሰነውን ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ታወጣዋለች። ጥፋት ስላልተሠራ የሚጠየቅ የለም፣ የሚጠየቅ ስለሌለ ውለታም የለም።

አሁን ወደ አንድ ሌላ ልጅ ልመለስ። ከላይ የዝውውሩን ዝርዝር ስነግራችሁ አንድ ስም ዘልያለሁ። ልብ ያለው ካለ እሰየው፤ እኔ በዚያ እሁድ ልብ አላልኩም ነበር። ጄለን ሁድ-ሺፊኖ ይባላል። በ2023 ድራፍት በ17ኛ ደረጃ ሌከርስ የመረጠው፣ ያኔ የ21 ዓመት ልጅ ነው። ሒሳቡ እንዲገጥም ደመወዙን የሚቀበል ሦስተኛ ክለብ አስፈለገና ዩታ ጃዝ ገባ። ዩታ ልጁን ወሰደ፣ ለድካሙም ሁለት የሁለተኛ ዙር ምርጫ ተሰጠው። ብዙም ሳይቆይ ዩታ ልጁን አሰናበተው። የፈለገው ምርጫዎቹን ነበር።

ያን ቀን ለሁለት ሰዓት ስንከራከር የዚህ ልጅ ስም አንዴ ተነሳ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። «ሁድ-ሺፊኖ ባይኖር ሒሳቡ አይገጥምም ነበር» አልኩ፣ ብልጥ ነገር እንደተናገረ ሰው። ሉካ ሌከርስ ገብቶ በኋላ የሦስት ዓመት 165 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል። በኤፕሪል ወደ ዳላስ ሲመለስ የማስታወሻ ቪዲዮ ተሠራለት፣ አለቀሰ፣ ከዚያ 45 ነጥብ አስቆጠረ። ውለታው ቢያንስ ተቆጥሮለታል። ሌላኛው ልጅ ሙሉ በሙሉ ቁጥር ነበር።

ይሄ ነገር ለምን እንቅልፍ እንደነሳኝ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ የምሠራበት ቦታ አንድ ደንበኛ በጀት ቀነሰ። የቡድን መሪ ስለነበርኩ ሠንጠረዥ እንድሠራ ተነገረኝ፤ ሰባት ሰዎች፣ ሰባት መስመር፣ ደመወዝ፣ የሥራ ድርሻ፣ ድምር። ድምሩ ከተባለው ቁጥር በታች እንዲሆን ነው የተፈለገው። ሞከርኩ፣ አወጣሁ፣ መለስኩ። የአንድ ጀማሪ ቴስተር ደመወዝ ሲወጣ ቁጥሩ ልክክ አለ። መስመሩን ቀይ አደረግኩትና ላክሁ። አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝም። እንዲያውም ሲገጥም ደስ ብሎኛል፤ ኮድ ያለ ስህተት ሲሄድ የሚሰማው ዓይነት ደስታ።

ልጁ አርብ ማታ ተነገረው። ቦርሳውን ይዞ ወደኔ መጣና «ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ምንም አላጠፋህም» አልኩት። «በጀቱ ነው።»

እውነት ነበር። ችግሩም እሱ ነው፣ እውነት መሆኑ። ሶፍትዌሩን ደንበኛው ጋ በምንጭንባቸው ሌሊቶች ከኔ ጋር አብሮ ያደረ ልጅ ነው። ያንን የሚጽፉበት ዓምድ ሠንጠረዡ ላይ አልነበረም፤ ሠንጠረዡን የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

በዝውውሩ ዜና ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ሳነብ ነው የደነገጥኩት። አንቶኒ ዴቪስ ሲዛወር የሚከፈለው ጉርሻ ውሉ ላይ ነበረው፤ ስምምነቱ እንዲያልቅ ብሎ ተወው። ማለትም ሒሳብ በአንድ መንገድ ብቻ አይገጥምም። የኛም ሠንጠረዥ ሌላ መንገድ ነበረው። ሦስታችን ትልልቅ ተከፋዮች ለጥቂት ወራት ትንሽ ትንሽ ብንቀንስ ያው ድምር ይመጣ ነበር። አለቃዬ እሺ ይበል አይበል አላውቅም። አላቀረብኩትማ። ያላቀረብኩት የኔ መስመር ስለሚነካ ነው።

እንግዲህ ከዚህ የማወጣው ሕግ ትንሽ ነው። ዝውውር ይቁም አልልም፣ ሰው ከሥራ አይቀነስም አልልም። በጀት አለ፣ ጣሪያ አለ፣ አንዳንዴ የምር ሌላ መንገድ አይኖርም። ግን «ግድ ነው» ከማለቴ በፊት ሦስት ነገር ራሴን እጠይቃለሁ። ሌላውን መንገድ ፈልጌዋለሁ ወይ? ያልፈለግኩት እኔን ስለሚነካ ነው ወይ? ደግሞስ የሚሄደውን ሰው ፊት ለፊት አይቼ «ወሰንኩ» ማለት እችላለሁ ወይ? «ወሰንኩ» ያለ ሰው ቢያንስ ባለዕዳ መሆኑን ያውቃል። ምስጋና፣ ይቅርታ፣ ለሌላ ሥራ መደወል፣ የሚችለውን ይከፍላል። «ግድ ነበር» ያለ ሰው ምንም ያለበት አይመስለውም።

«ሚሊዮን ለሚበላ ሰው ምን አሳዘነህ?» ይለኛል አካውንታንቱ። ልክ ነው፣ ሉካ አያሳዝነኝም። የሚያሳስበኝ እኛ ነን። የሌሊት ጨዋታ እያየን የተለማመድነውን ቋንቋ ጠዋት ቢሮ ይዘነው እንገባለን።

ባለፈው ወር ለልጁ ደወልኩለት። ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቷል፣ ደህና ነው። ሌላ መንገድ እንደነበረና እንዳላቀረብኩት ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ።

«እና አሁን ለምንድነው የምትነግረኝ?» አለኝ።

የሚረባ መልስ አልነበረኝም። «ማወቅ አለብህ ብዬ ነው» አልኩት። «እሺ» አለ፤ ከዚያ ስለ ሥራው ትንሽ አወራን።