የነቀዝ ደባልና የክፋት ጥያቄ

ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ በሜጫና በዙሪያው የሚመረተውን በቆሎ በየጎተራው እየቦረቦረ ዱቄት የሚያደርገው ነቀዝ ብቻውን የሚኖር ፍጥረት አይደለም። ለዚሁ በተለዩ የአካሉ ሕዋሳት ውስጥ ሶዳሊስ የሚባል ባክቴሪያ አብሮት ይኖራል፤ ከእናት ወደ ልጅም በእንቁላል ይተላለፋል። እንዲህ በሌላው አካል ውስጥ እየጠቀመና እየተጠቀመ የሚኖር ተሕዋስ ደባል ሊባል ይችላል። እህል ብቻ የሚበላው ነቀዝ ጠንካራ ቅርፊቱን የሚሠራው ደባሉ በሚያዘጋጅለት ንጥረ ነገር ጭምር ሲሆን፣ በሙቀት አማካይነት ባክቴሪያው የተወገደለት ነቀዝ በሕይወት ቢቆይም ቅርፊቱ ይሳሳል፣ መብረርም ይሳነዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ኑሮ በመዋደድ የጸና አይደለም። ነቀዙ ኮሊዮፕቴሪሲን በተባለ ፕሮቲን ባክቴሪያውን እንዳይከፋፈል ስለሚያግደው፣ ደባሉ እየረዘመ በታገተበት ሕዋስ ውስጥ ይቀራል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ይህ ፕሮቲን እንዳይመረት ሲደረግ ባክቴሪያው ከማደሪያው አምልጦ ወደ ሌሎች የአካል ክፍሎች ተሰራጭቷል። ቅርፊቱ ከጠነከረ በኋላ ደግሞ ነቀዙ ራሱ በአንጀቱ ዙሪያ ያሉትን ደባሎች አጥፍቶ ይመገባቸዋል፤ የሚተርፉት ለቀጣዩ ትውልድ የሚተላለፉት፣ በእንቁላል ማፍሪያው ውስጥ ያሉት ናቸው። ደባሉ ጉዳት ሲያደርስ «ከዳ» ማለት የሚቀናው ሰው ይህን የአስጠጊውን ሥራ ምን ብሎ እንደሚጠራው ማሰብ ይኖርበታል።

እንዲህ ያለ ስያሜ ክፋት ራሱ ምንድን ነው ወደሚል ጥያቄ ይመራል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት ሲያስተምር፣ ክፋት ነፍስ ከበጎነት ስትርቅ የሚታይ ሁኔታ እንጂ ለብቻው የቆመ ህላዌ እንዳይደለ አስረድቷል። ነገሩ የተነገረው ስለ ነፍስ ነው፤ ፈቃድ ስለሌለው ተሕዋስ አይደለም። ቢሆንም አንድ ጥናት ሳይታሰብ ወደዚህ ሐሳብ ይጠጋል። ለነቀዙ ደባል የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ ከነፍሳት አካል ውጭም መኖር የሚችል የሶዳሊስ ዝርያ አሜሪካ ውስጥ የዛፍ ቅርንጫፍ ከወጋው ሰው ቁስል ተገኝቷል። ይህ ባክቴሪያ ቁጥሩ መብዛቱን የሚያውቀው እርስ በርሱ በሚለዋወጠው ኬሚካላዊ ምልክት ሲሆን፣ በዝቶ ሲገኝ የነፍሳትን አካል የሚጎዱ መርዞቹን ያፍናል። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ይህ ብዛትን የመለየት ሥርዓት የጠፋበት ባክቴሪያ ነቀዝ ውስጥ በመርፌ ሲገባ አስጠጊውን ፈጥኖ ገድሏል። ገዳዩ አዲስ ነገር የተጨመረለት ሳይሆን የነበረው የጎደለበት ነው።

እዚህ ላይ ግን የባስልዮስን ትምህርት በባክቴሪያ ተረጋገጠ ብሎ መቸኮል አይገባም። መርዙ ራሱ ጉድለት አይደለም፤ በውርስ የተላለፈ፣ ሥራ ያለው መሣሪያ ነው፤ እንዲያውም ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት ባክቴሪያው ከነፍሳት ጋር ኑሮ የሚጀምረው በዚሁ መሣሪያ ነው። ስለዚህ የልጓሙ መጥፋት ጉዳቱ መቼ እንደሚፈታ ቢያስረዳም፣ መሣሪያው ከመነሻው ለምን እንደተገኘ አይመልስም። ሊቃውንት ሊከራከሩበት የሚገባው ይህኛው ጥያቄ ነው፤ በቆሎው ለሚነቀዝበት የሜጫ ገበሬ ግን አስጠጊውን የሚገድል ደባል ጉዳት ሳይሆን እፎይታ ነው።