ከቀለም በታች

አሮጌ ነገርን ቀብቶ አዲስ ማስመሰል ማታለል ነውን? ይህን ጥያቄ መጀመሪያ ያቀረበልኝ መጽሐፍ ወይም መምህር አይደለም፤ አንድ የዛገ የቮልስዋገን ፓራውልት ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልህም፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ጥቂት ታገሠኝ።

ከአባቴ የወረስኋት ቮልስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1967 ዓ.ም. በፊት ከተሠሩት ወገን ናት። ከዚያ ዓመት በኋላ የወጡት ፓራውልታቸው ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው፤ የእርሷ ግን ቀጭንና ጎበጥ ያለ ነው። ይህች መኪና በጀርመን አገር መሠራቷ በ1978፥ በሜክሲኮም በ2003 ስለ ቀረ፥ በከተማችን የጥንቱን ዓይነት የሚሻ ሰው መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ ከሌላ መኪና የተነቀለውን መፈለግ አለበት። እኔም መኪናዋን ልሸጥ አስቤ፥ የፊቱ ፓራውልት በግጭት ተጣሞ ስለ ነበር፥ እዚያው አንድ አገኘሁ። ክሮሙ ተላጧል፤ ጀርባው በዝገት ተበልቷል። ተሸክሜው ወደ አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ ሄድሁ።

ሽማግሌው አገላብጠው አዩትና ጀርባውን በጥፍራቸው ጫር ጫር አድርገው፥ «የምትሸጠው ነው ወይስ የምትይዘው?» አሉኝ።

«ልዩነቱ ምንድን ነው ጋሼ?»

«የምትሸጠው ከሆነ ነገ ማታ ና። የምትይዘው ከሆነ ሳምንት ጠብቀኝ።»

የነገ ማታው ሥራ አጭር ነው። ጉድጓዱ በስቱኮ ይሞላል፥ ላዩ በብርጭቆ ወረቀት ዳሰስ ይደረጋል፥ ቀለም ይረጭበታል፤ ያበራልም።

የሳምንቱ ሥራ ግን ከጀርባ ይጀምራል። የጎደጎደው በመዶሻ ከኋላ እየተመታ ወደ ቦታው ይመለሳል። ክሮም እንደ መስተዋት የለሰለሰ በመሆኑ ቀለም አይዝም፤ ስለዚህ እስኪሻክር ድረስ ይፈገፈጋል፤ ይህም ውሃ እየተርከፈከፈበት ነው፥ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነውና። ዝገቱ ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪታይ ይጫራል። የብርጭቆ ወረቀቱ ከሻካራው ከ80 ቁጥር ተነሥቶ እያለሰለሰ እስከ 400 ይደርሳል። ከዚያ የእጅ ወዝ እንኳ እንዳይቀር በቲነር ተጠርጎ፥ ዝገት ተከላካዩ ቀለም ከፊትም ከኋላም ይቀባል። የመጨረሻው ቀለም በስሱ ሦስት ጊዜ ይረጫል፤ በየመካከሉም መጠበቅ ግድ ነው፤ የተጣደፈ ሰው ቀለሙ ይንጠባጠብበታል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደ ሆነ ዝገትን የሚያውቅ ይረዳዋል። ዝገት ብረት ከውሃና ከአየር ጋር ተዋሕዶ የሚሆነው ነው፤ ከብረቱም የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ፥ ከሥር የቀረ እንደ ሆነ ቀለሙን ገፍቶ ያነሣዋል። ደግሞም ፓራውልት የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ግጭት መከላከያ ማለት ነው። ስቱኮ ግን መልክ ይሰጣል እንጂ ግጭት አይከለክልም።

ሆኖም ሁለቱ ሥራዎች ባለቁበት ማታ ፓራውልቶቹን ጎን ለጎን ብታቆማቸው ዓይንህ አይለያቸውም። የሚለያቸው ክረምት ነው፤ ክረምቱ ሲመጣ ደግሞ መኪናዋ የሌላ ሰው ናት።

አልዋሽህም፤ «የምሸጠው ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ምክንያትም አላጣሁም። ገዢው ዓይን አለው፥ አይቶ ይግዛ አልሁ። ነገር ግን ዓይኑን ለማሳሳት ገንዘብ ከፍዬ፥ ዓይን አለው ብዬ እንዴት እከራከራለሁ? ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ደግሞ አልሁ፤ ይህን ሌባም ይለዋል። ሦስተኛው ምክንያቴ ይበረታ ነበር፤ ቀለም ሥራው መሸፈን ነው፥ ሁሉም ቀለም የሚሸፍን ከሆነ የእኔ በምን ይከፋል? በዚህ ብዙ ተጨነቅሁ። ኋላ የቁስል ነገር ትዝ አለኝ። የታጠበ ቁስልም ያልታጠበ ቁስልም በአንድ ዓይነት ነጭ ጨርቅ ይታሰራል፤ በጨርቁ የሚያሳብብ የለም።

ሽማግሌውን አልወቅሳቸውም። እርሳቸው በግልጽ ጠየቁኝ፤ ያን ጥያቄ ያስተማሯቸው እንደ እኔ ያሉ ደንበኞች ናቸው። «እንደምይዘው አድርገው ይሥሩልኝ» አልኋቸው።

በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ፓራውልቱ ተገጥሞ ሲያበራ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ሥራው እውነተኛ ቢሆንም፥ ያማረ ፓራውልት ለሚያየው «ይህች መኪና ተጋጭታ አታውቅም» ይለዋል። እኔ አንድ ቃል ሳልናገር ቀለሙ ይዋሽልኛል ማለት ነው። ሁለት ሌሊት አሰብሁበት።

ገዢው አንድ ወጣት አስተማሪ ነበር፤ ገንዘቡን ለዓመታት ያጠራቀመው ነው። መኪናዋ መጋጨቷንና ፓራውልቱ የሌላ መኪና መሆኑን ነገርሁት። ወዲያው ፊቱ ተለወጠና ዋጋ ይቀነስልኝ አለ። የቀነሰው ገንዘብ የሳምንቱን ሥራ ዋጋ የሚበልጥ ነበር። ቅር አለኝ፤ ዛሬም ሳስታውሰው ቅር ይለኛል፤ እውነት መናገር ደስ ያሰኛል የሚሉህን ሁልጊዜ አትመናቸው።

ልጁ ከመሄዱ በፊት ተንበርክኮ እጁን ከፓራውልቱ ኋላ ሰደደና ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው።

«ጋሼ፥ ጀርባውንም አስቀብተውታል እንዴ?»

«አዎ» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። ዋጋውን ግን አልጨመረልኝም።