ያልነዳነው ማይል

ኤፕሪል 15 ሲቃረብ እርስዎም እንደኔ እስክሪብቶ ይዘው ከራስዎ ጋር ይሟገቱ ይሆን? እዚህ አሜሪካ ለራሱ የሚሠራ ሰው እ.ኤ.አ. በ2025 ለሥራ ለነዳው ለእያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ከገቢው እንዲቀንስ ተፈቅዶለታል። ተሳፋሪ ኤርፖርት አድርሼ ሌላ ፍለጋ ባዶዬን የተመለስኩበትም ይቆጠራል። ይህን ፈርቶ የሚተው ሰው አውቃለሁ፤ ፍርሃት ግን ጨዋነት አይደለም። ልጄን ትምህርት ቤት ያደረስኩበትና ለቅሶ የሄድኩበት ግን የራሴ ጉዳይ ነው።

«ማን ያያል? ሁሉም ይጨምራል» ይሉኛል ወዳጆቼ። አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ሳስተምር፣ ከጎኑ ካለው የቀዳ ልጅ ይህንኑ ብሎኝ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ። አሁን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚያየኝ ይመስለኛል። «የመንግሥት ገንዘብ ነው» የሚለውም አያሳምነኝም። ጎረቤቴ ተቀጣሪ ነው፤ በገዛ መኪናው ለመሥሪያ ቤቱ ይላላካል። እንደርሱ ላለው ሠራተኛ ከ2018 ወዲህ የፌዴራሉ ሕግ አንዲት ሳንቲም አይቀንስለትም። ግብሩ ከደመወዙ ላይ ቀድሞ ይቆረጣል። እኔ ሁለት ሺህ ማይል ብጨምር የማታልለው ዋሽንግተንን ብቻ ነው?

አልደብቅዎትም፣ አድርጌዋለሁ። አንድ ዓመት ደብተር ሳልይዝ ቀርቼ በግምት ሞላሁ፤ ግምቴም ወደ ላይ አደላ። አሁን ደብተሩ ከመሪው አጠገብ አይጠፋም። ባለፈው ዓመት ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ መጻፉን ረሳሁ። እነዚያን ገጾች ባዶ ተውኳቸው። ባለቤቴ «የነዳኸውንም?» ብላ ሳቀችብኝ።