ጸጋ የመንገድ ስንቅ ነው

መከራ ባገኘው ሰው ፊት ቆመን ምን እንበል ብለን ስንጨነቅ፣ ሁላችንም አፍ ላይ ፈጥና የምትመጣ አንዲት ቃል አለች። እርሷም «በርታ» ወይም «በርቺ» የምትለው ናት። ለታመመው፣ በፈተና ለወደቀው፣ እናቱን ለቀበረው፣ ሥራ አጥቶ ለሚንከራተተው ሁሉ ያችኑ እንሰጣለን። ቃሏ ክፉ አይደለችም። ነገር ግን ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በርታ የተባለው ሰው ከቤቱ ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ «በምን ልበርታ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ምንድን ነው? «በእግዚአብሔር ጸጋ ነዋ!» እንላለን። መልካም፤ ታዲያ ጸጋ ወደ ደከመ ሰው የሚመጣው እንዴት ሆኖ ነው?

በመካከላችን ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት አሳብ ሲነገር ይሰማል። አንደኛው፣ ጸጋ ያለውን ሰው መከራ አይነካውም፤ ቢነካውም ፈጥኖ ይለቀዋል የሚል ነው። ይህን ለማፍረስ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሁሉ ያፈርሰዋል። ሁለተኛው ግን ረቂቅ ስለሆነ ብዙዎቻችንን ይዞናል። ይኸውም መከራው ባይነሣም እንኳ ጸጋ ያለው ሰው ሕመሙ አይሰማውም፣ አያለቅስም፣ አይደክመውም፣ ፊቱም ዘወትር የበራ ነው የሚለው ነው። በዚህ አሳብ የተያዘ ወጣት ኀዘን ሲደርስበት ሁለት ሸክም ይሸከማል። አንዱ ኀዘኑ ራሱ ነው፤ ሌላው ደግሞ «እምነቴ ጽኑ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልሆንም ነበር» የሚለው ሐፍረት ነው። ከጉባኤ የሚያርቀውም ይህ ሁለተኛው ነው። ያዘነ ሰው ወደ ወገኖቹ ይመጣል፤ ያፈረ ሰው ግን ይሸሸጋል።

እስቲ ነቢዩ ኤልያስን እንመልከተው። በቀርሜሎስ ተራራ በ450 የበኣል ነቢያት ፊት ብቻውን የቆመ፣ በጸሎቱም እሳት ከሰማይ ያስወረደ ሰው ነው። ወዲያው ግን ኤልዛቤል ልትገድለው መማሏን ሲሰማ ነፍሱን ለማዳን ሸሸ። ቤርሳቤህ ሲደርስ ብላቴናውን እዚያው ትቶ የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከአንዲት የክትክታ ዛፍ በታችም ተቀምጦ ሞትን ለመነ። ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ይገኛል። እንደ እኛ ልማድ ቢሆን ኖሮ መልአኩ መጥቶ «አንተ እሳት ያስወረድህ ሰው፣ አንዲት ሴት ዝታብህ እንዴት እንዲህ ትሆናለህ?» ብሎ በገሠጸው ነበር። መልአኩ ግን አልገሠጸውም። ዳሰሰው፤ ተነሥቶ እንዲበላ ነገረው። በራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩም እንዲተኛ ተወው! ለሁለተኛ ጊዜ መጥቶ ዳሰሰውና አሁንም እንዲበላ ነገረው፤ ምክንያቱንም ሲገልጽለት የሚቀረው መንገድ ረጅም መሆኑን አስታወሰው። ነቢዩም ያን በልቶ ባገኘው ብርታት አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ።

መልአኩ ኤልያስን አንሥቶ በአንድ ጊዜ ኮሬብ ማድረስ ይችል ነበር። አላደረገውም። መንገዱን አላሳጠረለትም፤ ኤልዛቤልንም በዚያች ሌሊት ከዙፋኗ አላወረዳትም። የሰጠው ስንቅ ነው። መቼም በአገራችን ስንቅ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያሻም፤ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ድርቆሹን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስንቅ ዳገቱን ሜዳ አያደርገውም። ስንቅ የያዘውም መንገደኛ ዳገት ሲወጣ ያልበዋል፤ ጉልበቱም ይንቀጠቀጣል። ስንቅ የያዘና ያልያዘ የሚለዩት አንዱ ሲያልበው ሌላው ባለማላቡ አይደለም፤ አንዱ ሲደርስ ሌላው ከመንገድ በመቅረቱ ነው። የእግዚአብሔርም ጸጋ በመከራ ጊዜ አብዛኛውን የሚመጣው በዚህ መልክ ይመስለኛል።

እስራኤል በምድረ በዳ የበሉት መናም እንዲሁ ነበር። በየማለዳው የዕለቱን ይለቅሙ ነበር እንጂ የወሩን አያከማቹም፤ ለሰንበት ከሚዘጋጀው በቀር ለነገ ብለው ያሳደሩት ተልቶ ይሸት ነበር። ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀን የዛሬው መከራ ብቻ አይደለም። «ይህን እስከ መቼ እችለዋለሁ?» እያልን የሚመጣውን ዓመት ሁሉ በአንድ ሌሊት ልንሸከም እንሞክራለን። የከርሞ ስንቅ ግን ዛሬ አልተሰጠንም፤ ስለዚህ የከርሞውን ሸክም በዛሬው ጉልበት ስናነሣው መውደቃችን የሚያስገርም አይደለም።

ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ የጻፈውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያ መውጊያ ምን እንደ ነበረ መምህራን የተለያየ ነገር ይላሉ፤ እኔ በበኩሌ ሳይነገረን መቅረቱን እወደዋለሁ፤ ዓይኑን የታመመውም፣ ልቡ የተሰበረውም ያው የእኔ ነው ሊል ይችላልና። ሐዋርያው መውጊያው ይነሣለት ዘንድ ሦስት ጊዜ ለመነ። አልተነሣለትም፤ ጸጋ ግን ተሰጠው። ይህ በጉባኤ ብዙ ጊዜ ስለሚነገር አልደግመውም። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ይኸው ሐዋርያ ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ ያለው ነው። በቁጥር 13 ኃይልን በሚሰጠው በክርስቶስ ሁሉን ማድረግ እንደሚችል ይናገራል። ይህችን ቁጥር በደብተራችን ሽፋን ላይ እንጽፋታለን፤ በታክሲ መስተዋት ላይም ተለጥፋ እናያታለን። ቀጥላ ያለችውን ቁጥር 14ን የለጠፈ ግን እኔ አላየሁም። በዚያች ቁጥር ሐዋርያው ፊልጵስዩሶች በመከራው ስለ ተካፈሉት መልካም እንዳደረጉ ይነግራቸዋል። ሁሉን እችላለሁ ያለው ሰው ወዲያው ስንቅ ላኩልኝ ብሎ ያመሰግናል ማለት ነው! ሁለቱ አይቃረኑም። ክርስቶስ ኃይል የሰጠው እንዴት ሆኖ ነው ቢባል፣ አንዱ መንገድ ያ በአፍሮዲጡ እጅ የመጣው ስንቅ ነው።

አፍሮዲጡን ብዙዎቻችን አናውቀውም። የፊልጵስዩስ ምእመናን ያዋጡትን ይዞ ወደ ታሰረው ሐዋርያ የሄደ ሰው ነው። መምህራን እንደሚያስተምሩት እስራቱ በሮም ከሆነ፣ መንገዱ በየብስና በባሕር ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አፍሮዲጡም ታሞ ለሞት እስኪቃረብ ደርሶ ነበር። በዚያ ዘመን መንግሥት እስረኛን ጠግቦ እንዲያድር አያስብለትም፤ ወዳጅ ያለው ይበላል፣ የሌለው ይራባል።

ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን በከተሞቻችን እናቶችና እኅቶች ሳህን በጨርቅ ቋጥረው በየእስር ቤቱ በር ይሰለፉ ነበር። ወገን የሌለው እስረኛ ወገን ካለው ጋር ከአንድ ሳህን ይበላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስንቅ እንዳያመጡ የተነገራቸው ቤተሰቦችም የወገናቸውን መሞት የተረዱት በዚሁ ነበር። በ1963 ዓ.ም. በመንበረ ፕትርክናው የተቀመጡት ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ዐፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ጸጋ ማለት ከወኅኒ መውጣት ብቻ ከሆነ፣ ለእኚህ አባት ምን ልንል ነው? ጸጋ አጡ የሚል ክርስቲያን አይኖርም። ጸሎቱ እኛ በጠበቅነው መልክ ያልተመለሰለት ሰው እግዚአብሔር ትቶታል ብለን የምንፈርድ ከሆነ፣ የቤተ ክርስቲያንን ሰማዕታት በሙሉ ከመዝገብ ልንፋቅ ነው።

እዚህ ላይ አንዱ ተነሥቶ «እንዲህማ ከሆነ ጸጋ ይበቃል ማለት ለበዳይ የተመቸ ትምህርት ነው፤ የተበደለው ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ታስተምሩታላችሁ» ሊል ይችላል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ድሆችን ለማባበያ የተነገረበት ጊዜም አለና። ሆኖም ኤልያስ ስንቁን በልቶ ከክትክታው ሥር አልቀረም። ኮሬብ ከደረሰ በኋላ እግዚአብሔር ወደ መጣበት መልሶ ላከው፤ ነገሥታትን እንዲቀባ፣ ኤልሳዕንም በእርሱ ፈንታ ነቢይ እንዲሆን እንዲያዘጋጅ አዘዘው። ብቻዬን ቀረሁ ሲል ለነበረውም ለበኣል ያልሰገዱ 7000 ሰዎች እንዳሉ ነገረው። ቅዱስ ጳውሎስም በጸጋ የሚኖር ሆኖ ሳለ ፍርድ ሲጓደልበት ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ስንቅ የሚሰጠው ለሚሄድ ሰው ነው፤ መታገሥም መብትን መተው ማለት አይደለም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። ከመቶ ዘጠና ስድስት የሚበልጡት ወጣቶች በዚያች ሳምንት ምን ሆነው ከረሙ? ከእነርሱ ውስጥ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚዘምሩ፣ ግጥም የሚያነቡ፣ ምንጣፍ የሚያነጥፉ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ወጣት ሁለት ሦስት ሳምንት ከመዝሙር ጥናት ሲቀር ስሙን በቀሪዎች መዝገብ ላይ መጻፍ እናውቅበታለን። ቤቱ ሄዶ በሩን ማንኳኳት ግን ሌላ ነገር ነው። ኀዘንም እንዲሁ ነው። ለቅሶ ቤት እስከ ሠልስቱ ድረስ ሰው ይሞላል፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እንጀራውን ያመጣል፣ ቡናው ይፈላል። ከሠልስቱ በኋላ ድንኳኑ ይነቀላል። ከዚያ ወዲያ እስከ አርባው ያለው ጊዜ ግን ጭር ያለ ነው፤ ባዶው አልጋ የሚታየውም ያን ጊዜ ነው። እኛ የምንሄደው ሁሉም ሰው በሚሄድበት ቀን ነው፤ በዐሥራ አምስተኛው ቀን የሄደ ግን እርሱ የኤልያስን እንጎቻ ይዞ ሄደ።

ሄዶስ ምን ይናገር? የኢዮብን ወዳጆች ማሰብ ይረዳል። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዳች ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እስከዚያ ድረስ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ። የተበላሹት አፋቸውን ከፍተው ምክንያቱን ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። «ይህ የደረሰብህ ለበጎ ነው» የሚለውን ንግግር ባለ ጉዳዩ ራሱ፣ ምናልባት ከብዙ ዓመት በኋላ ይናገረው እንደ ሆነ እንጂ፣ እኛ ዛሬ በእርሱ ፈንታ ልንናገርለት አይገባም። ልብሱን አጥቦ መስጠት፣ ታናናሾቹን ማስጠናት፣ ጠበል ማድረስ፣ ወደ ሐኪም ቤት አብሮ መሄድ ይሻላል። (ወደ ሐኪም መሄድ እምነት ማጉደል ነው የሚሉ አሉ፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ ቢያስታውሱ ደግ ነው።)

ከሁሉ በላይ ግን ጌሴማኒን እናስብ። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በዚያች ሌሊት አዘነ፤ ላቡም እንደ ደም ነጠብጣብ ወረደ። ጽዋው ያልፍ ዘንድ ሦስት ጊዜ ጸለየ፤ ጽዋው አላለፈም፤ የሚያበረታው መልአክ ግን ታየው። ደቀ መዛሙርቱንም አብረውት እንዲተጉ ለመናቸው። ጌታ ራሱ በጭንቁ ሰዓት ሰው አጠገቡ እንዲሆን ከፈለገ፣ እኛ «ማንም አያስፈልገኝም፣ እግዚአብሔር አለኝ» ማለታችን እምነት ይሆን ወይስ ትዕቢት? ያለቀሰው ሁሉ እምነት የጎደለው ከሆነስ ስለ ጌታ ዕንባ ምን እንላለን? በዚያች ሌሊት የጎደለው የእርሱ ኃይል አልነበረም፤ የጎደለው የተኙት ወዳጆቹ ትጋት ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም በመጨረሻው እስራቱ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት እምነቱን እንደ ጠበቀ፣ አክሊልም እንደ ተዘጋጀለት በታላቅ መተማመን ከተናገረ በኋላ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ ብዙዎች ትተውት እንደ ሄዱ፣ ሉቃስ ብቻ አብሮት እንዳለ ይጽፋል። ከዚያም በጢሮአዳ በአንድ ወዳጁ ቤት የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት፣ መጻሕፍቱንም እንዳይረሳ፣ ከክረምት በፊትም እንዲደርስ ይለምነዋል። አክሊሉን የሚጠብቀው ሽማግሌ በርዶት ነበር። ጢሞቴዎስ በርኖሱን ይዞ ክረምቱን ይቅደም አይቅደም መጽሐፉ አይነግረንም።